ለስድስት ቁጥር ማልያ የተላከ ሽምግልና

ሽማግሌ የሚላከው ልጃገረድ ለመጠየቅ፣ የተጣላ ለማስታረቅ፣ ሲከፋም ኮብልላ የሄደች ሚስት ለማስመለስ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለኳስ ተጫዋች የመሰለፊያ ቦታ ለመለመን ሽማግሌ ሲላክ አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር። የተላከው ደግሞ ለእኔ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የእኔ ጉድ የተሰማው መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ያደግኩት የካ፣ ከአስፋልቱ ተነስቶ ወደ ባሕር ዛፉ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። በዚያ ክረምት ከታዳጊ ቡድን ወደ ዋናው ቡድን አድጌ ነበር። የምጫወተው ተከላካይ አማካይ፣ ስድስት ቁጥር የሚባለው ቦታ ላይ ነው። ኳስ የማትከታተሉ ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ስድስት ቁጥር ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ የሚያጨናግፍ፣ ኳስ የሚነጥቅ፣ ሌሎቹን ደግሞ «ግባ፣ ውጣ፣ ያዘው» እያለ የሚያሰልፍ ሰው ነው። የመጨረሻውን ሥራ ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ ያላልኩት እሱን ነው።

ክለባችን ትልቅ ክለብ አልነበረም። ካምፓችን ላምበረት አካባቢ የተከራየ ቪላ ነው። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ እንጦጦ እንወጣና በጭቃው ላይ ዳገት እንሮጣለን፤ ከዚያ ከየካ በላይ ባለች አንዲት ሜዳ ላይ ልምምድ እንሠራለን። በእኔ ቦታ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ታምራት። አሰልጣኝ ፍስሐ ገና በክረምቱ ዝግጅት መጀመሪያ ቁርጡን ነግሮናል። ለስድስት ቁጥር የሚያስቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው በውሰት ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል። የሚወስነውም በዝግጅቱ የመጨረሻ ቀን እርስ በርሳችን በምንገጥመው ጨዋታ ነው።

ታምራት ሠላሳን የተሻገረ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። እግሩ ደክሟል፤ አፉ ግን አልደከመም። ይብስ ብሎ አንድ ክፍል ነው የምናድረው። ሲነቃ ያወራል፣ ሲበላ ያወራል፣ ሲተኛ ደግሞ ያንኮራፋል። የታኬታዬን ክር አተሳሰር ሳይቀር ያርመኛል። ሳሙናዬን እየተጠቀመ ስለ ቁጠባ ይመክረኛል። እኔ ለሁሉም «እሺ» ነው። በሩጫ እቀድመዋለሁ፤ ኳስ በመንጠቅም እበልጠዋለሁ። ከሌላ ክለብ ጋር የልምምድ ጨዋታ በተደረገ ቁጥር ግን የሚሰለፈው ታምራት ነው፤ እኔ ቢጫ ሰደርያ ለብሼ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዝናብ እቆጥራለሁ፤ ከገባሁም ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ነው። አንጀቴ እያረረ ነበር የምውለው።

ለምን ብዬ አሰልጣኙን አልጠየቅኩም። በእኛ ቤት አይጠየቅማ! አባቴ ከላምበረት ወደ ሰሜን የሚወጣ የሕዝብ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሚወዳት አባባል «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የምትለዋን ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ውኃ ሳመላልስ፣ የልምምድ ኮን ስሰበስብ አሰልጣኙ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» እያለ በልቡ የሚመዘግብልኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ፈቃድ ተሰጥቶን ቤት ስሄድ አባቴ እንዴት እንደሆንኩ ጠየቀኝ።

«አሰልጣኙ አያስገባኝም» አልኩት።

«ተጣልታችኋል?»

«አልተጣላንም።»

«ያለ ጠብ ሰው ሰውን አይከለክልም» አለና ዝም አለ። አባቴ ዝም ሲል ነገር እያሰበ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። ምን ዋጋ አለው፣ አልጠረጠርኩም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ጠዋት ሲያካፋ የነበረው ዝናብ አባርቶ ሜዳው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ሰውነታችንን እያሟሟቅን ሳለ ከባሕር ዛፉ መሐል በሚወጣው ቀጭን መንገድ ሦስት ሰዎች ጃንጥላ ተመርኩዘው ሲመጡ አየሁ። ቀረብ ሲሉ ለየኋቸው። ፊት ፊት የሚመሩት ረጅሙ ሰው የሰፈራችን ልብስ ሰፊና የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ በቀለ ናቸው። ከኋላቸው ከኩርባው ላይ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑርሁሴን አሉ። ሦስተኛው በሰፈራችን ያለው የጴንጤ ቸርች ወንጌላዊ ጌታሁን ናቸው።

ሦስት ትልልቅ ሰዎች አብረው ሰው ያለበት ድረስ የሚሄዱት ለመርዶ ነው። አባቴ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። አውቶቡሱ ገደል ሲገባ በዓይኔ መጣብኝ። ሩጫ ይሁን መንደርደር በማይታወቅ አኳኋን ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባቴ ነው?» አልኩ።

«አባትህ ምን ሆነ?» አሉ ጋሽ በቀለ ተቆጥተው። «ዛሬ ሌሊት በሰላም ወደ ደሴ ወጥቷል። አንተ ዞር በል። ጉዳያችን ከአሰልጣኙ ጋር ነው።»

የዚያን ደቂቃ እፎይታዬን እንደ ጸሎት ልናገረው እችላለሁ። የቆየው ግን ትንሽ ብቻ ነው፤ ጋሽ በቀለ ጃንጥላቸውን ብብታቸው ስር ሸጉጠው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ አሰልጣኝ ፍስሐ ሲራመዱ ነገሩ ገባኝ። አረማመዱን አውቀዋለሁ። የታላቅ እህቴን ባል ሽማግሌ ሆነው ያመጡት በዚሁ አረማመድ ነው።

አሰልጣኙ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። «አባቶቼ፣ በሰላም ነው? አረፍ በሉ እንጂ» አለና የተቀያሪዎችን አግዳሚ ወንበር አሳያቸው።

«የመጣንበትን ሳንናገር፣ እሺታም ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ በቀለ።

አሰልጣኙ ፊቱ ተለዋወጠ። «ልጄን ልትጠይቁ ከሆነ ገና አራተኛ ክፍል ናት!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሽማግሌዎቹ አልሳቁም።

«ልጅስ ልጅ ነው፤ የእኛው ልጅ ነው እንጂ» አሉ ሐጂ ኑርሁሴን በጣታቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

ጋሽ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ልጅ ሲያድግ አይተነዋል። ሰው አይናገር፣ አይሳደብ፣ በትልቅ ሰው ፊት ቀና አይል። አባቱም የተከበረ ሰው ነው። ልጅ ነውና አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሽበታችን ብለው ይቅር ይበሉትና ያስገቡልን።»

«ኧረ አባቶቼ፣ ምንም አላጠፋም! አልተጣላንም እኮ።»

«ያለ ጠብማ ሰው ሰውን አይከለክልም» አሉ። የአባቴ ቃል፣ ሳትጨመር ሳትቀነስ።

«የሚሰለፈው አሥራ አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ነው» አለ አሰልጣኙ መውጫ እየፈለገ።

ሐጂ ኑርሁሴን ሜዳውን ዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩት። «አሥራ አንድ ላይ አንድ ልጅ ቢጨመር ይጠባል እንዴ? ይኸው ሰፊ አይደል?»

በረኛችን ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። አንዱ ከኋላ እልል አለ። ሌላው «ጥሎሹስ የታል?» እያለ ይጮሃል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! አንድ ወር ሙሉ በላቤ የገነባሁትን ስሜን ሦስት ሽማግሌዎች በጃንጥላቸው ናዱት ብዬ አሰብኩ። ከዚህ በኋላ ብመረጥ «በሽማግሌ የገባው» ልባል ነው፤ ባልመረጥ ደግሞ «በሽማግሌም ያልገባው»።

ይኼን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የነበሩት ወንጌላዊ ጌታሁን ለስለስ ባለ ድምፅ ጣልቃ ገቡ። «አሰልጣኝ፣ እኛ ኳስ አናውቅም። ሽማግሌ ሲመጣ ግን ሰው ቅሬታውን ይናገራል። በልጁ ላይ ቅሬታ ካለዎት ይንገሩን። ከሌለዎት ደግሞ የለኝም ይበሉን።»

አሰልጣኝ ፍስሐ ኮፍያውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ። ሽማግሌ ቆሞ እየጠየቀ ማምለጥ የለም።

«አለኝ» አለ በመጨረሻ። «ጉልበቱን አልነቅፍም። ኳስ ሲነጥቅ የሚወዳደረው የለም። ግን ከመጣ ጀምሮ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። በዚህ ቦታ የሚጫወት ሰው አፍ ያስፈልገዋል፤ ከኋላህ ሰው አለ፣ ያዘው፣ ልቀቀው ማለት አለበት። እሱ ሳያይ ቀርቶ አይደለም። ያያል፤ አይቶ ዝም ይላል። ያለፈው ሳምንት ለጥቂት ደቂቃ ሳስገባው፣ አጥቂው ብቻውን ሾልኮ ሲሄድ ዓይኑ ሲከተለው አይቻለሁ። ለተከላካዮቹ ግን ትንፍሽ አላለም፤ ግብ ገባብን። ኩርፊያ ይሁን ትዕቢት፣ እኔ አላውቅም።»

ትዕቢት! እኔ? እነዚያ ተከላካዮች እኮ ታላላቆቼ ናቸው። ከታዳጊዎቹ ጋር ስጫወት እኩዮቼ ስለነበሩ እንደ ልቤ እጮህባቸው ነበር። የልጆች አባት የሆነን ሰው ግን «አንተ፣ ያዘው!» ብዬ እንዴት ልዘዘው? እኔ አክብሮት ያልኩትን ሰውዬው ትዕቢት ሲል ሰምቼ ጭንቅላቴ ዞረ።

ጋሽ በቀለ ወደ እኔ ዞሩ። «ለምንድነው የማትናገረው?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ይኸውላችሁ» አለ አሰልጣኙ።

«ተናገር እንጂ ልጄ! አፍ የለህም?» አሉ ሐጂ ኑርሁሴን።

ልብ በሉ፤ ጋሽ በቀለ እኮ ሱቃቸው በር ላይ በትልቅ ሰው ወሬ መሐል ገባህ ብለው ጆሮዬን የቆነጠጡኝ ሰው ናቸው። ሐጂም ስኳር ሊገዛ መጥቶ የሚያወራ ልጅ አይወዱም። አፌን ሲዘጉት ኖረው ዛሬ ሃያ ምናምን ተጫዋች ፊት ለምን ተዘጋ ይሉኛል! ደሜ ፈላ። የወጣኝ ቃል ግን «እሺ» የምትል ብቻ ነበረች።

«በቃ፣ እሺታውን ከእኔም አግኝታችኋል» አለ አሰልጣኙ። «ዛሬ ታምራት በአንዱ ቡድን፣ እሱ በሌላው ሙሉውን ይጫወታሉ። የሚወስነው ግን ሽምግልና አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተመስገን ብለው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ይሄዳሉ ብዬ ተስፋ ሳደርግ ጭራሽ ጨዋታውን ሊያዩ ነው!

ፊሽካ ተነፋ። መጀመሪያ አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ የጫጩት ነበር። «ግራ» አልኩ። ሳምሶን የሚባለው ተከላካያችን ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ሲል ኳሷ አመለጠችው። ታምራት ከወዲያ ቡድን ሆኖ «እሰይ፣ ሽማግሌ አፉን ፈታለት!» ይላል። ትንሽ ቆይቼ «ሳምሶን፣ ግራህን» አልኩ። ያዘው። አልተቆጣኝም። እንደገና አልኩ። እንደገና ያዘው። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንዴ ብዬ ይባስ ተናደድኩ። አንድ ለአንድ ሆነን እረፍት ወጣን። ሐጂ ኑርሁሴን ለሁለቱም ግብ እኩል ነው ያጨበጨቡት።

ከእረፍት በኋላ ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ታምራት መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ ወደ እኔ መጣ። በጭቃው ላይ ተንሸራትቼ ገባሁበት። ኳሷን ነው ያገኘሁት፤ ንጹሕ ነበር፤ አሰልጣኙም ፊሽካ አልነፋም። ታምራት ግን እንደ ልማዱ እግሩን ይዞ ጮኸ። የነጠቅኳት ኳስ ተንከባልላ ለእነሱ የክንፍ ተጫዋች ደረሰችና ጥቃቱ ቀጠለ። ተነስቼ ልሮጥ ስል አንድ እጅ ክንዴን ጨበጠኝ።

ጋሽ በቀለ ናቸው። ከነጃንጥላቸው ሜዳ ገብተዋል!

«ቁሙ! ሰው ወድቆ ትጫወታላችሁ?» ይላሉ። «ጎዳኸው እኮ! ና ይቅርታ በለው። ተሳሳሙ!»

በትከሻቸው በኩል አየሁ። የእነሱ አጥቂ ከሳምሶን ጀርባ ሾልኮ ብቻውን ወደ ግባችን እየሮጠ ነው። ሳምሶን አላየውም። ያንኑ ያለፈውን ሳምንት ግብ በዓይኔ እያየሁት ነው። ክንዴን የያዙት ደግሞ ለእኔ ሲሉ ያንን ዳገት በእግራቸው የወጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ወር የለፋሁበት ቦታ በዚያች ቅጽበት ከእጄ እያመለጠ ነበር።

«ጋሽ በቀለ፣ ከሜዳ ይውጡልኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ሳምሶን፣ ከኋላህ! ከኋላህ ያዘው! በረኛ ውጣ! ውጣ አልኩህ!»

ሳምሶን ዞረ፤ ደረሰበት፤ ኳሷን ወደ ባሕር ዛፉ መታት። እኔ ግን ማቆም አልቻልኩም። «ታምራት፣ ተነስ! ምንም አልሆንክም!» ታምራት ተነሳ። እውነትም ምንም አልሆነም ነበር።

ጋሽ በቀለ ክንዴን ለቀቁ። በጭቃው ላይ እየተጠነቀቁ ወጥተው በመጡበት መንገድ ቁልቁል ወረዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። እኔ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ጮህኩ። ዝም ካልኩ አለቅሳለሁ ብዬ ነው።

ጨዋታው ሲያበቃ አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠራኝ። «ስድስት ቁጥር ያንተ ነው» አለኝ።

ዘልዬ መደሰት ሲገባኝ ንዴቱ አልለቀቀኝም። «በሽማግሌዎቹ ከሆነ አልፈልግም» አልኩ።

«እነሱ ባይመጡ ለታምራት ነበር የምሰጠው። ስለለመኑኝ ግን አይደለም። ለምን እንደማላስገባህ ጠየቁኝ። አንተ አንድ ወር ሙሉ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ኮች፣ እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?»

«ራስህ ይገባሃል ብዬ ነዋ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። ወር ሙሉ አንዳችን ሌላው እስኪናገር እየጠበቅን ኖረናል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያበሽቅ ነገር አለ?

ካምፕ ስንመለስ ታምራት ሻንጣውን እያዘጋጀ ነበር። «ዛሬ ስሜን ጠራኸኝ» አለ። «ወር ሙሉ አጠገቤ ተኝተህ ጠርተኸኝ አታውቅም። የምትንቀኝ ይመስለኝ ነበር።» ሻንጣውን ተሸክሜ እስከ ታክሲው ሸኘሁት። አቅፎ ሳመኝ።

ወዲያው አባቴ ከደሴ ደወለ። ወሬው ከአውቶቡስ ፈጥኖ ደርሷል።

«ሽማግሌ ላይ ጮህክ?»

«አዎ።»

«ሰው ይዘህ ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ሰፈር ወጣሁ። ሰው ግን አልያዝኩም። ጋሽ በቀለ የስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ፤ ቀና አላሉም።

«ከማን ጋር መጣህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ሽማግሌ ሳትይዝ?»

«የጮህኩት እኔ ነኝ ጋሽ በቀለ። ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ ነኝ።» ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። መኪናው መስፋቱን ቀጠለ። ብዙ አጎንብሼ የቆየሁ መሰለኝ።

«ሰውየው እግሩ ተሰበረ?» አሉ ድንገት።

«ምንም አልሆነም። ኳስ ተጫዋች ሲወድቅ ይጮሃል፤ ልማዱ ነው።»

መኪናውን አቆሙ። «ታዲያ ይህን ቀድመህ አትነግረኝም ነበር? ሰው ሞተ ብዬ ነው እኮ የገባሁት!» ፊታቸው ፈታ አለ፤ አንስተው ሳሙኝ። «ለመሆኑ አስገባህ?»

«አስገባኝ።»

«አላልኩም! በእኛ ነው» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በዚያው ቁጥር ተጫውቻለሁ። አንድ ነገር ከተለወጠብኝ ይኼ ነው፤ ለምን ተከለከልኩ ብዬ አልጋዬ ላይ ከምገላበጥ ሄጄ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ አይሳካም። ስለጠየቅኩ ብቻ «አፈኛ» ብሎ ከቡድን የቀነሰኝ አሰልጣኝም ገጥሞኛል። ቢሆንም ምክንያቱን አውቄ ወጣሁ እንጂ አንገቴን ደፍቼ አልበሸቅኩም። እናንተም ቤት ጨዋ የሚባል ልጅ ካለ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ምን እያየ ዝም እንደሚል ጠይቁት። ጆሮውን ሳትቆነጥጡ።

የሰፈሬ ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ የተመረጥኩት በሽምግልና ነው ብሎ ያምናል። በወጣትነቴ በዚህ ስንቱን ተሟገትኩ! ተሟግቼ ተሟግቼ፣ አንድ ቀን ጋሽ በቀለ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳቸው።

«ጋሽ በቀለ፣ ያን ቀን ባትመጡ ኖሮ ለምን እንደማይፈልገኝ ሳላውቅ እሄድ ነበር» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ገና አሁን ገባህ?» አሉኝ።